ጥርሷ ሳይበቅል

በእልማራ ምድር፣ ንግሥት ወለላ በነገሠች በአራተኛው ዓመት፣ የገብስ አጨዳ በተጀመረበት ሳምንት፣ የአንዛ ወንዝ ወደ ኋላው ፈሰሰ።

መጀመሪያ ያዩት ማለዳ ልብስ ሊያጥቡ የወረዱ ሴቶች ነበሩ። ውሃው ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያም ጌታው እንደ ጠራው ውሻ ዞሮ ሽቅብ ወደ ተራራው መንገዱን ያዘ። ከሴቶቹ የአንዷ ነጠላ ከእጇ አምልጦ ከውሃው ጋር ወደ ላይ ሄደ። ቀትር ላይ የወንዙ ሆድ ባዶ ድንጋይ ሆነ፤ ዓሦች በጭቃው ላይ ይንፈራገጡ ነበር። በሦስተኛው ቀን በመናገሻዪቱ በቀንዴላ ያሉት ጉድጓዶች አንድ በአንድ ነጠፉ። በአራተኛው ቀን ላሞች ከበረታቸው ወጥተው ባዶውን ወንዝ ተከትለው እየጮኹ ሄዱ።

ያን ጊዜ ሽማግሌው ጸሐፌ ትእዛዝ ዲማ ከዕቃ ቤት አንድ አሮጌ ብራና አውጥቶ ወደ ንግሥቲቱ መኝታ ክፍል ገባ። ንግሥት ወለላ ከወለደች ሰባት ወር ቢሞላትም ከአልጋዋ አልተነሣችም ነበር። ባሏ ልጃቸው በተወለደችበት ወር በደቡብ ጠረፍ ጦርነት ወድቋል፤ እሷንም የወሊድ ሕመም እንደ ያዛት ቀርቷል። ዲማ ከአልጋው እግር አጠገብ ቆሞ አነበበ፦

«ከጽሙና ሐይቅ የሚወርደው ውሃ ለሚስቅ ድድ የተሰጠ ነው። በየትውልዱ ከንጉሥ ቤት አንድ ሕፃን፣ ጥርስ ሳያበቅል፣ የሥጋ ዘመዱ ተሸክሞት ወደ እኔ ይምጣ። ከድንጋይ ጣሪያ በታች ሳይሆን ከጨርቅ በታች፣ በሐይቄ ዳርቻ አንድ ሌሊት ይደር። ብረት የያዘ አይቅረበኝ። ይህ የቀረ እንደ ሆነ ውሃዬን እጠራዋለሁ። ይህን ያልሁ እኔ እመጠል ነኝ።»

እመጠል እልማራ ሳትመሠረት በፊት በተራራው ራስ ላይ ባለው ሐይቅ ውስጥ የምትኖር ፍጥረት ናት። የመጀመሪያው ንጉሥ ስደተኛ ሆኖ በዳርቻዋ ባደረ ጊዜ ልጁ ስትስቅ ሰምታ ውሃዋን ወደ ቆላው እንደ ለቀቀች በእልማራ ያልሰማ የለም። ንግሥት ወለላ ራሷ በአምስት ወሯ ወደዚያ ወጥታ ነበር። የልጇ ተራ ሲደርስ ግን ጦርነቱና ሐዘኑ ተደራረበና ነገሩ ከሁሉም ሰው ልብ ወጣ።

ንግሥቲቱ ታናሽ ወንድሟን፣ ልጅ መርዕድን፣ አስጠራችው። መርዕድ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ከጠረፉ ጦርነት በግንባሩ ላይ ጠባሳ ይዞ የተመለሰ፣ በሰይፍ አያያዙ የሚነገርለት ወጣት ነበር።

«ንግሥት ሆይ፣» አላት ብራናው ከተነበበለት በኋላ፤ «እኔ ሰይፍ እንጂ ሕፃን ይዤ አላውቅም።»

«ሰይፉን ትተወዋለህ፤ ሕፃን መያዝ ደግሞ ትማራለህ» አለችው። አጠገቧ የተኛችውን ልጇን ማዕዶትን በጣቷ ነካች። የሕፃኗ አገጭ በለሃጭ ርሶ ነበር፤ ጡጫዋን አፏ ውስጥ ከታ ታኝካለች። «ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ናት። ድዷ አብጧል። መንገዱ ስድስት ቀን ይፈጃል። ጥርሱ እስከዚያ ይታገሥ እንደ ሆነ አላውቅም።»

መርዕድ ተንበርክኮ እጁን በአልጋዋ ጠርዝ ላይ አኖረ። እንደ አገሩ ሥርዓትም ማለ፦

«በአባታችን አጥንት እምላለሁ። ይህችን ልጅ በሕይወት ወደ አንቺ እመልሳለሁ። በሐይቁም ፊት ሐሰት አልናገርም።»

ንግሥቲቱ ሕፃኗን አንሥታ ሰጠችው። መርዕድ እንደ ሞላ ገበታ በሁለት እጁ ዘርግቶ ተቀበላት። ማዕዶት ጠባሳውን አየችና ልትይዘው እጇን ሰደደች።

አብረውት እንዲሄዱ የተመረጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ የሕፃኗ አጥቢ እንጉዳይ ናት፤ ቃሏ ጥቂት፣ እጇ ፈጣን የሆነች የሠላሳ ዓመት ሴት። ሁለተኛው የነገሥታቱን ድንኳን አርባ ዓመት የጠበቁት አያ ቸኮለ ናቸው። ስማቸው ቸኮለ ይሁን እንጂ በእልማራ እንደ እሳቸው ቀስ ያለ ሰው አልነበረም።

መርዕድ በበቅሎዪቱ ላይ የጫነው ቋንጣ፣ የጦር ሜዳ በሶ፣ ሁለት ጋሻና አንድ የአጋዘን ቀንድ መለከት ነበር። እንጉዳይ ጭነቱን ዞር ብላ አየችው።

«ጌታዬ፣ ጋሻው ለምንድን ነው?»

«በመንገድ ምን እንደሚገጥመን አይታወቅም።»

«የሚገጥመን ይታወቃል» አለች። ጋሻዎቹን አውርዳ በቦታቸው ሠላሳ የሽንት ጨርቅ፣ አንድ ቅል ቅቤና ከበግ ለምድ የተሰፋ ትንሽ መኝታ ጫነች። መለከቱን ግን ተወችው፤ ማዕዶት ጫፉን ስትልሰው ዝም ትል ነበርና።

እንዲህ ሆነው በማለዳ ወጡ። የቀንዴላ ሕዝብ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ ሸኛቸው። ሰው ሁሉ ከንፈሩ ደርቆ ነበር፤ እልል ያለ አልነበረም። ሕፃኗ በመርዕድ ጀርባ ላይ በአንቀልባ ታዝላ አንገቷን እያወጣች ሰዉን ሁሉ በየተራ ታይ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን መንገድ በጥድ ደን ውስጥ አለፈ። ማዕዶት ከቤት ውጭ ይህን ያህል ቆይታ አታውቅም። ቅጠል በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትስቃለች፤ ወፍ ሲጮኽ እግሯን የመርዕድ ጎን ላይ ትመታለች። ማምሻውን አንድ ገላጣ ስፍራ ሲደርሱ መርዕድ ድንኳኑን ከበቅሎዪቱ ሊያወርድ ተጣደፈ።

«ቆይ፣ ልጅ መርዕድ» አሉ አያ ቸኮለ። ጋቢያቸውን አንጥፈው መሬቱ ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ። በግራ ጎናቸው ዞሩ፤ በቀኝ ጎናቸውም ዞሩ። ከወገባቸው ሥር ሦስት ጠጠር ለቅመው ጣሉ። እንደገና ተኙና ዓይናቸውን ጨፈኑ። መርዕድ እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎት ነበር።

«እዚህ ጉንዳን የለም» አሉ በመጨረሻ። «ነፋሱም ከበስተኋላ ነው። በሩን ወደ ዛፉ እናድርገው።»

ድንኳኑ ከፍየል ጠጉር የተሠራ፣ ዝናብ የማያስገባ ጥብቅ ሽመና ነበር። ካስማዎቹ ከወይራ እንጨት የተጠረቡ፣ መዶሻውም እንጨት ነው፤ ብረት የሚባል ነገር ከነሱ ጋር አልወጣም። እንጉዳይ የታጠቡትን ጨርቆች በድንኳኑ ገመድ ላይ በተርታ ሰቀለቻቸው፤ ከሩቅ ላየው የአንድ ታላቅ ሠራዊት ዓርማ ይመስል ነበር።

ሕፃኗ ግን አልተኛችም። የጨርቁ ጣሪያ ሲንቀሳቀስ ደነገጠች፤ ለድንጋይ ግድግዳ የለመደ ዓይኗ የሚያርፍበት አጣ። ብትጠባም ብትታቀፍም ማልቀሷን አልተወችም። መርዕድ ወደ ውጭ ይዟት ወጣ። ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ የክፍለ ጦሩን ሰዎች ስም እንደ ጥሪ ሰዓት አንድ በአንድ ቆጠረላት። ስሙን በጠራ ቁጥር አንድ እርምጃ ይራመዳል። ከመቶ ሃያዎቹ ሰዎች ሰማንያውን ያህል እንደ ጠራ ጭንቅላቷ ትከሻው ላይ ከበደ። ከጠራቸው መካከል በጠረፉ የቀሩም ነበሩ። እሷ ከተኛች በኋላም ቆሞ የቀሩትን ስሞች በቀስታ ጨረሰ።

ተመልሶ ሲገባ እንጉዳይ ነቅታ ጡቷን በጨርቅ ታብስ ነበር።

«እሷ ተኝታለች እኮ፤ ወተቱ ለምን ፈሰሰ?» ሲል ጠየቃት።

«የኔው ልጅ በዚህ ሰዓት ነው የሚጠባው።»

መርዕድ ሕፃኗን በለምዱ ላይ አስተኛት። «ልጅ እንዳለሽ አልነገሩኝም» አላት።

«ወንድ ነው፤ ዘጠኝ ወሩ ነው። ለእናቴ ትቼው መጣሁ። የፍየል ወተት ያጠጡታል።» ጨርቁን አጠፈች። «የሰፈራችን ጉድጓድ ከሁሉ ቀድሞ የደረቀው ነው፤ ጌታዬ። ፍየሏም ውሃ ትፈልጋለች።»

ከዚያ ቀን በኋላ መርዕድ ሳይጠሩት ይነሣ ጀመር። አንቀልባውን ማሰር፣ ቅቤውን አሙቆ እርግብግቢቷ ላይ ማድረግ፣ ስትጠባ የዋጠችውን አየር እስክታገሣ ጀርባዋን ማሻሸት ተማረ። በሦስተኛው ቀን ደጋው ላይ ዝናብ ያዛቸው፤ እስከ አራተኛውም ቀን አላባራም። ጨርቆቹ አልደርቅ አሉ። እንጉዳይ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጨርቆች ይዛ ስትጨነቅ መርዕድ ተቀብሎ ከሸሚዙ ሥር በሆዱ ላይ ጠቀለላቸው፤ እንደዚያ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ተጓዘ። ማታ ሲያወጣቸው ደርቀው ሞቀው ነበር። አያ ቸኮለ ይህን አይተው የራሳቸውን ድርሻ በሶ በቅቤ ለውሰው ሰጡት።

በአራተኛው ቀን ማምሻ አያ ቸኮለ የበቅሎዪቱን የእንጨት ቃጭል ፈቱ።

«ነገ የሽውታዎችን በር እናልፋለን» አሉ። «ስሙኝ። ሽውታዎች ዓይን የላቸውም፤ ጆሮ ብቻ ናቸው። ለቅሶ ይወዳሉ። ሰው ሲያለቅስ ሙቀቱ ከአፉ ይወጣል፤ እነሱ ያን ይጠጣሉ። በአባቴ ዘመን ሐዘንተኞች በዚያ ሲያልፉ አሥራ አንድ ሰው እንደ ተቀመጠ ደርቆ ተገኝቷል። እኛ አናለቅስም። ይህችን ግን ማን ያስረዳታል?»

ሦስቱም ወደ ማዕዶት አዩ። ጉንጯ ቀልቶ፣ መለከቱን እያላመጠች ትነጫነጭ ነበር።

በሩ በሁለት ገደሎች መካከል ያለ ጠባብ መንገድ ነው፤ ርዝመቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ይሆናል። ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ገቡበት። በገደሎቹ ጥላ ውስጥ በረዶ ተጋግሯል፤ በዚያም ላይ ውሻ የሚያህሉ ነጫጭ ነገሮች ተኝተው ነበር። ነፋስ ያነሣው የበረዶ ብናኝ ይመስላሉ፤ ነፋስ ግን አልነበረም። አንዱ ጭንቅላቱን ቀና አደረገ። ፊቱ ላይ ከሁለት ጉድጓድ ጆሮዎች በቀር ምንም የለም።

ከመንገዱ እኩሌታ ሳይደርሱ ማዕዶት ነቃች። ድዷ እንደ እሳት ይፈጃት ነበር። ከንፈሯ ወደ ታች ሲጎብጥ እንጉዳይ ፈጥና ጡቷን ሰጠቻት፤ ሕፃኗ ግን ገና ስትነካው አመማትና ፊቷን አዞረች። መለከቱን ሰጧት፤ ወረወረችው። አያ ቸኮለ መሬት ሳይነካ በሁለት እጃቸው ቀለቡት። ማዕዶት ለማልቀስ አየር ስትስብ ሽውታዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሡ።

መርዕድ ወደ ፊቱ አዞራትና ሌባ ጣቱን አፏ ውስጥ አስገባ። ቀዝቃዛ ነበር። ያበጠውን ድድ ቀስ እያለ ያሸው ጀመር። ሕፃኗ የሳበችውን አየር በአፍንጫዋ አስወጣችና ጣቱን ነከሰች።

ሳይቆሙ ሄዱ። ሽውታዎቹ ከኋላና ከጎን ተከተሏቸው። አንዱ በበቅሎዪቱ ጎን ሲያልፍ ጠጉሯ ነጭ ሆነ። ሌላው ወደ መርዕድ ክንድ ቀርቦ አዳመጠ። የሕፃኗ ትንፋሽ ይሰማዋል፤ ለቅሶ ግን አልነበረም። ክንዱ እስከ ትከሻው ደነዘዘ። ጣቱ ብቻ በእሷ አፍ ውስጥ ሞቆ ቀረ፤ መርዕድም ጣቱን ማንቀሳቀስ አላቋረጠም። ፊቱን ለሕፃኗ ፈገግ አድርጎ ይዟት ሄደ፤ ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም ነበርና።

የበሩ መውጫ ብርሃን ሊታይ ሲል ማዕዶት አጥብቃ ነከሰችው። መርዕድ ከጣቱ ጫፍ ሥር ሹል ነገር ተሰማው፤ የጤፍ ቅንጣት የምታህል፣ ጠንካራ። ዳግም ዳሰሰው። ጥርስ ነበር።

ለማንም አልተናገረም።

ከበሩ ማዶ፣ ሳር ባለበት ጥግ ሰፈሩ። አያ ቸኮለ መሬቱ ላይ ተጋድመው ተነሡ፤ ድንኳኑ ተተከለ፤ እሳቱም ነደደ። እንጉዳይ ሕፃኗን ስታጠባ ፊቷ ኮስተር አለ። ወደ መርዕድ ቀና አለች።

«ጌታዬ ያወቁት መሰለኝ።»

«አውቄያለሁ» አለ።

ለአያ ቸኮለም ነገሯቸው። ሽማግሌው እሳቱን ቆሰቆሱ።

«እመጠል ዓይነ ስውር ናት ይላሉ» አሉ። «የሕፃኗን ሳቅ ነው የምትሰማው። ማንም አፏን ከፍቶ አያሳያት።»

እንጉዳይ ማዕዶትን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ደብቁ ብል ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «ልጄ አገር ቤት ነው። ግን ጌታዬ ምለዋል። እኔ ምንም አልልም።»

መርዕድ ሕፃኗን ተቀብሎ እስክታገሣ ጀርባዋን አሻሸ። ሐሰት ቢናገር አገሩ ትጠጣ ይሆናል፤ እውነቱን ቢናገር ምናልባት ማንም ከእንግዲህ አይጠጣም። ሰይፍ ይዞ በቆመባቸው ቦታዎች ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመውም ነበር።

በስድስተኛው ቀን፣ ጥላ ወደ ምሥራቅ ሲረዝም፣ ጽሙና ሐይቅ ደረሱ። ተራሮች በዙሪያው እንደ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። የእልማራ ውሃ ሁሉ እዚያ ተሰብስቦ ከዳርቻው አልፎ የሳር ሜዳውን ሸፍኖ ነበር። ከሐይቁ መካከል ደሴት የመሰለው ነገር ተንቀሳቀሰ፤ በላዩ ከበቀለው ሸምበቆ ወፎች ተነሡ። ረጅም አንገት ከውሃው ወጣ። ፊቷ እንደ አጋዘን ፊት ቀጭን፣ ቁመቱ የቤት በር የሚያህል ነበር። ዓይኖቿ እንደ ወተት ነጭ ናቸው።

«አራት ትንፋሽ እሰማለሁ፤ የበቅሎም አለ» አለች እመጠል። ድምፅዋ ከጆሮ ይልቅ በእግር ሥር ይሰማ ነበር። «ሃያ ስድስት ዓመት የእግር ኮቴ ሳዳምጥ ቆየሁ። ማን ነህ፣ ምንስ ይዘህ መጣህ?»

«እኔ የንግሥት ወለላ ወንድም መርዕድ ነኝ» አለ። «የእኅቴን ልጅ ማዕዶትን ይዤልሽ መጥቻለሁ።»

«ድዷ ንጹሕ ነውን?»

አያ ቸኮለ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መርዕድ ሕፃኗን ከአንቀልባው አውጥቶ በእጁ ያዛት።

«አይደለም» አለ። «ትናንት ቀትር ላይ አንድ ጥርስ አበቀለች፤ ከታች በስተግራ። ጣቴን ስትነክሰኝ አወቅሁት። ይህን ልንደብቅብሽ እንችል ነበር። የዘገየነው እኛ ነን፤ እሷ ጥፋት የለባትም።»

ውሃው ከዳርቻው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ የመርዕድን ጉልበት ነካ።

«ጥርስ ያለውን ሁሉ አውቀዋለሁ» አለች። «አጋዘኖቼን በልቷል፤ ዛፎቼን አኝኳል፤ እርስ በርሱም ይናከሳል። ድድን የመረጥሁት ስለዚህ ነው። አቅርባት።»

መርዕድ እስከ ወገቡ ወደ ውሃው ገባ። ታላቁ ፊት ወደ ታች ወረደና እርጥብ አፍንጫዋ በሕፃኗ ፊት ለፊት ቆመ። ማዕዶት ለጥቂት ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያም በሁለት እጇ ይዛ፣ ስድስት ቀን ያገኘችውን ነገር ሁሉ እንዳደረገችው፣ አፏን ከፍታ ነከሰችው።

የእመጠል ትንፋሽ ተቋረጠ። ሕፃኗ ለቀቀችና በእመጠል አፍንጫ ላይ የቀረውን ለሃጭ አይታ ሳቀች። መላ ሰውነቷ የሚሳተፍበት ሳቅ ነበር፤ እግሯ የመርዕድን ደረት ይመታል።

«ነከሰችኝ» አለች እመጠል በቀስታ።

«ሁላችንንም ነክሳናለች» አለ መርዕድ።

«ስትነክስም ትስቃለች።»

«ሁሌም።»

ፍጥረቲቱ ከጉሮሮዋ አንድ ድምፅ አወጣች። ወፎቹ ሁሉ ወደ ጀርባዋ ተመለሱ። ውሃው ከመርዕድ ጉልበት በታች ወረደ። ማዕዶት ሳቋን ስትጨርስ እመጠል አንገቷን ቀና አድርጋ እንደ ዳኛ ተናገረች፦

«ውሃውን እለቅቃለሁ። ቃል ኪዳኑ ግን ፈርሷል፤ አዲስ ቃል ኪዳን ያስፈልጋል። ብቸኝነት ሰልችቶኛል። የዚህች ልጅ የሥጋ ዘመድ ከእኔ ጋር ይቀመጥ፤ እሷ በገዛ እግሯ፣ በገዛ ፈቃዷ፣ ማንም ሳይልካት እስክትመጣ ድረስ። ሂጂ ብሎ ያዘዛት ሰው ቢኖር አልቀበላትም። ሳትመጣ ከቀረች ዘመኑ ሁሉ የእኔ ነው። ልጅቱ ዛሬ በዳርቻዬ ትደር፤ ነገ ወደ እናቷ ትመለስ። ሽውታዎቼን ከመንገዷ አነሣለሁ።»

«እኔ ልቅር» አሉ አያ ቸኮለ ወዲያው። «እኔ አርጅቻለሁ፤ ድንኳኑንም አውቀዋለሁ።»

«አንተ ዘመዷ አይደለህም።»

መርዕድ ማዕዶትን በክንዱ ላይ አስተካከለ። ሃያ ዓመቱ ነው። በቀንዴላ የታጨችለት ልጅ ነበረች። «እቀራለሁ» አለ።

የዚያን ሌሊት ድንኳኑን በዳርቻው ተከሉ። መርዕድ የሕፃኗን ክብደት እንዳይረሳ ብሎ አልተኛም፤ በደረቱ ላይ አስተኝቷት አደረ። ከውጭ እመጠል ራሷን ከድንኳኑ ጨርቅ አጠገብ አሳርፋ ትንፋሿን ታዳምጥ ነበር።

ሲነጋ እንጉዳይ አንቀልባውን በራሷ ጀርባ ላይ አሰረች። መርዕድ ሁሉንም ነገራት፤ ስትተኛ በቀኝ ጎን መሆኑን፣ ጨርቁ እንዳይጠብቅ፣ ስም ሲጠራላት እንደምትረጋ። እንጉዳይ ይህን ሁሉ ከእሱ በፊት የምታውቅ ሴት ነበረች፤ ቢሆንም እስኪጨርስ ሰማችው።

«እሺ፣ ወንድሜ» አለችው። ጌታዬ አላለችውም።

አያ ቸኮለ ድንኳኑን ሳይነቅሉ ተዉለት። ካስማዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ፈትነው፣ የላላውን አጥብቀው ትከሻውን ሳሙት። ማዕዶት በእንጉዳይ ጀርባ ላይ ሆና ወደ ኋላ እያየች እጇን ወደ መርዕድ ዘረጋች። እንደማይመጣ ሲገባት ማልቀስ ጀመረች። ለቅሶዋ በገደሎቹ መካከል ረጅም ጊዜ ተሰማ፤ ወደ ለቅሶው የመጣ ሽውታ ግን አልነበረም። ከእነሱ ጎን፣ አንዛ በአሮጌ መንገዱ ወደ ቆላ ይወርድ ነበር።

እልማራ ጠጣች። ንግሥት ወለላ ልጇን በተቀበለች ሳምንት ከአልጋዋ ተነሣች፤ ወንድሟ የት እንደ ቀረ ሲነገራት ግን ሦስት ቀን ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። ከዚያ በኋላ በቤተ መንግሥቱ አንድ ሕግ ወጣ። ለማዕዶት ታሪኩ ሁሉ ይነገራት፤ ሂጂ የሚላት ግን አይኑር።

መርዕድ ስምንት ዓመት በጽሙና ኖረ። ከእመጠል ጋር ስለ ድሮ ዘመን ያወራል፤ ሸምበቆ ያጭዳል፤ የድንኳኑን ቀዳዳ ይጥፋል። አንዳንድ ቀን ጨርሶ አይናገርም፤ እሷም አታስገድደውም። በዘጠነኛው ዓመት መግቢያ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ እመጠል አንገቷን አቀናች።

«የእግር ኮቴ» አለች። «አጭር እርምጃ ነው።»

ከበሩ በኩል ጭቃ እስከ ጉልበቷ የያዛት ልጅ መጣች። በጀርባዋ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ አዝላለች። መርዕድን አይታ ቆመች።

«አጎቴ መርዕድ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። እናቴ ዐሥር ዓመት ሲሞላሽ እንነጋገራለን አለችኝ። እኔ ግን ዐሥር እስኪሞላኝ ብዙ ነው ብዬ በጓሮ በር ወጣሁ።» ወደ ኋላዋ አመለከተች። «እንጉዳይ ተከትላኛለች። አልተከተልኩሽም፣ መንገዴ ነው ትላለች። ልጇንም ይዛለች፤ ስንቁ እነሱ ጋ ነው።»

ከሩቅ አንዲት ሴትና አንድ ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሌላ ነገር የሚያዩ መስለው ነበር።

እመጠል ፊቷን ወደ ልጅቱ አቀረበች፤ ረጅም ጊዜም አሸተተቻት። «ውሰጂው» አለች። «ለአንድ ቀን ግን እደሩልኝ።»

አደሩላት። በማግስቱ አራቱ ሰዎች ወረዱ። አያ ቸኮለ ካረፉ ሁለት ዓመት እንደ ሆነ እንጉዳይ በመንገድ ነገረችው፤ መርዕድም በሰፈሩበት ቦታ ሁሉ ድንኳን ከመትከሉ በፊት እንደ እሳቸው መሬቱ ላይ ይጋደም ነበር። በስድስተኛው ቀን የመጀመሪያዋ መንደር ደረሱ። አንዛ በሰፊው ይፈስሳል፤ በግራና በቀኝ ገብሱ ለምልሟል። መርዕድ ወንዙ ከተመለሰ ወዲህ ይህን አይቶ አያውቅም ነበርና ቆሞ አየ።

ከወንዙ ዳር አንዲት ሴት እንስራዋን ሞልታ የሚያሸክማት ፈልጋ ዙሪያዋን ትቃኝ ነበር። ጢሙ ያደገውን መንገደኛ አየችው።

«ወንድሜ፣ እባክህ አሸክመኝ።»

ማዕዶት ማን መሆኑን ልትነግራት አፏን ከፈተች። መርዕድ ግን አስቀድሞ ጎንበስ ብሎ እንስራውን አነሣ። ከባድ ነበር፤ ከእንስራው አፍ ውሃ ተርፎ በክንዱ ላይ ወረደ። በሴትዮዋ ጀርባ ላይ ቀስ ብሎ አሳረፈላት፤ ገመዱን እስክታስተካክልም ደግፎ ቆየ።

«ተባረክ» አለችው፤ ወደ ቤቷም ሄደች።